ኤኤ፣ ኤንኤ፣ ስማርት ወይስ የንስሐ አባት? ከሱስ ለሚወጣ ሐበሻ የመምረጫ ሐሳብ

መጠጥ ለማቆም ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ጠጪዎች ስማቸውን ሳያወጡ ለማቆም የሚረዳዱበት ስብሰባ) ስገባ፣ የመጀመሪያ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነስቼ 40 ደቂቃ ነድቼ ቨርጂኒያ የሄድኩት ሐበሻ እንዳያየኝ ብዬ ነው። ከቤቴ በእግር የሚደረስ ስብሰባ ነበር፤ ግን መንገዱ በሁለት እንጀራ ቤትና በአንድ ሥጋ ቤት በር ያልፋል፣ እዚያ ደግሞ የማያውቀኝ የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት ደረጃ ወርጄ ታጣፊ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀና ስል የእድራችን ሰው ፊት ለፊቴ የወረቀት ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ለካ እሱም ከእኛው ሸሽቶ ነው እዚያ ድረስ የሚነዳው።

ምንም አላለኝም። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝና ወደሚናገረው ሰው ዞረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንጀራ ቤት ተገናኘን። "ጤፍ ጨመረ አይደል?" አለኝ፤ "ጨመረ" አልኩት፤ ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን። ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ከዚያች ክፍል ውጭ ስለዚያች ክፍል አንድም ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁም።

ስለ አቻ ድጋፍ፣ ማለትም ሱስ የያዘው ሰው ሌላውን ስለሚረዳበት መንገድ፣ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ "እምነት ያለበትን ትመርጣለህ ወይስ ሳይንስ ያለበትን?" ብሎ ይጀምራል። ለእኛ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ማን ያየኛል? ገመናዬን በየትኛው ቋንቋ አውጥቼ መናገር እችላለሁ? እንግሊዝኛው ይሸሽጋችኋል፣ ግን ልብ አያደርስም። አማርኛው ልብ ያደርሳል፣ ግን ይሉኝታውን ይዞባችሁ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እያያችሁ አንብቧቸው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቆርጦ ሲተው የሚመጣበት ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ካቆመ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ መቃዠትና መደነባበር ሊከተል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። "ተገዝቻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ አልቀምስም" ብሎ በሩን ለዘጋም፣ ጸበል ለገባም እኩል ይሠራል። መጀመሪያ ለሐኪም ስንት እንደምትጠጡ ሳትቀንሱ ንገሩ። እኔ ግማሹን ነበር የነገርኩት፤ ሐኪሙ ፈገግ አለና በሁለት አባዝቶ ጻፈው።

የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ ሄሮይን ወይም ፈንታኒል ላይ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ትቶ ሲያገረሽበት የድሮውን ያህል ይወስዳል፤ ሰውነቱ ግን ያን መጠን መቻሉን ረስቷል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት፣ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃው ናርካን የሚባል የአፍንጫ መድኃኒት ይኑር። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

ኤኤ፦ ማንም የማይመክርበት ክፍል

ኤኤ በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ የተጀመረ ነው። ጀማሪዎቹ አንድ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰውና አንድ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ሁለቱም ጠጪዎች። የደረሱበት ነገር ቀላል ነበር፦ ጠጪ ለጠጪ ሲያወራ፣ ቢያንስ ለዚያች ሰዓት፣ ሁለቱም አይጠጡም። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። ቅርጫት ይዞራል፣ ያለው ዶላር ሁለት ዶላር ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል፤ ከውጭ ሰው ግን ገንዘብ አይቀበሉም። ለመግባት የሚጠየቀው "መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ" ማለት ብቻ ነው።

ለሐበሻ የሚከብደው እግዚአብሔር መጠራቱ አይደለም፤ ለአብዛኞቻችን እሱ የቤታችን ነገር ነው። የሚከብደው ዝምታው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም። እኛ ሦስት ሆነን ስንቀመጥ አራት መካሪ ነን። የመጀመሪያውን ወር "እንዴት ይህን ሁሉ ነግሬያቸው አንድ ሰው 'ተው አንተ' አይለኝም?" እያልኩ ተቀይሜ ነበር። በኋላ ገባኝ። ተቆጥተው፣ ለምነው፣ አስምለው የሚመክሩኝ ዘመዶች ሞልተውኝ ነበር፤ ያልነበረኝ ዝም ብሎ የሚሰማ ነበር።

ኤኤ ከሱስ መውጫ ብሎ የሚከተላቸውን 12 ደረጃዎች የሚያስኬዳችሁ ሰው ስፖንሰር ይባላል። ልማዱ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ነው። አምስተኛው ደረጃ ላይ ያጠፋችሁትን ለአምላክ፣ ለራሳችሁና ለአንድ ሌላ ሰው ትናገራላችሁ። "ይህማ ንስሐ ነው፣ የንስሐ አባት እያለኝ ለባዕድ ለምን እናገራለሁ?" የሚል ኦርቶዶክሳዊ ብዙ ነው፤ እኔም ብዬዋለሁ። አንድ አይደሉም፣ አይጣሉምም። ዝርዝሬን መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ፣ ቀጥሎ ለስፖንሰሬ አነበብኩት። የንስሐ አባቴ ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጥተው ጸለዩልኝ። ስፖንሰሬ "እኔም" አለኝ። ካህን የሚሰጠውን ስፖንሰር አይሰጥም፤ ስፖንሰር የሚላትን "እኔም" ደግሞ የንስሐ አባቴ ሊሏት አይችሉም።

ማስረጃ ለምትፈልጉ፦ በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ በድምሩ 10,565 ሰዎችን ይዞ ወጥቷል። ሰውን አዘጋጅተው ወደ ኤኤ የሚያስገቡ የሕክምና መርሐ ግብሮችን ከሌሎች የንግግር ሕክምናዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ከ12 ወር በኋላ ሙሉ በሙሉ ታቅበው የተገኙት በኤኤው መንገድ 42 ከመቶ፣ በሌሎቹ 35 ከመቶ ሆነዋል። ተአምር አይደለም። ለነጻ ነገር ግን ጥሩ ነው።

ስለ ምስጢር አንድ ጥንቃቄ አለ። ኤኤ ውስጥ ስም አለማውጣት የክብር ቃል እንጂ የሕግ ከለላ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰው ለኤኤ አባላት የተናገረው የነፍስ ግድያ ወንጀል በፍርድ ቤት ምስክርነት ተሰጥቶበት፣ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2002 የንስሐ ያህል ጥበቃ የለውም ብሎ አጽንቶበታል። ክስ ያለባችሁ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችሁ ያላለቀ ከሆናችሁ፣ ስለ መጠጡ ሁሉንም ተናገሩ፤ ስለ ክሱ ግን ለጠበቃችሁ ብቻ።

ጠጥቶ በመንዳት ተይዞ ዳኛ ስብሰባ ላከው የሚባል ወገንም አለ። ወረቀቱን ይዛችሁ ስትሄዱ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ይፈርማል። ግን እወቁት፦ በርካታ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች መንግሥት ሰውን ያለ አማራጭ ኤኤ ማስገደድ አይችልም፣ ሃይማኖታዊ ይዘት አለውና፣ ብለዋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁን፣ ሃይማኖት የሌለበትን ስማርትን የመሰለ ሌላ ቦታ እንዲፈቀድላችሁ በጠበቃችሁ በኩል መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለሙስሊሙ፣ ለጴንጤው፣ ጸበል ለሚያምነው

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የኤኤ ስብሰባ "አባታችን ሆይ" ተብሎ ይዘጋል። ሙስሊም ወንድም ሲነሡ ተነሥቶ ዝም ቢል ማንም ምንም አይለውም፤ ግን እንግድነት ይሰማዋል። ሚላቲ ኢስላሚ የሚባለው ማኅበር በ1989 ባልቲሞር ውስጥ የተጀመረው ለዚህ ነው፤ 12ቱን ደረጃዎች በእስልምና መንገድ ያስኬዳል። ለወንጌላውያን ደግሞ በ1991 ካሊፎርኒያ የተጀመረው ሰለብሬት ሪከቨሪ አለ። መዝሙር አለው፣ ስብከት አለው። የሱስ ብቻ ሳይሆን የንዴትም፣ የትዳርም ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው ስላለ፣ ስለ መጠጥ ብቻ ማውራት የሚፈልግ ሰው ሐሳቡ ይበተንበታል።

ጸበልን አላጣጥልም። ብዙ ሰው እንጦጦ ሄዶ፣ ከጓደኛም ከግሮሰሪም ርቆ፣ በጾምና በጸሎት ጭንቅላቱ ጠርቶ ሲመለስ አይቻለሁ። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ያን ሱባኤ ጨርሶ ወደ ሰፈሩ ሲገባ የሚጠብቀው ያው ጓደኛ፣ ያው ግሮሰሪ ነው። አብሮት የተጠመቀውን አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ይዞ ቢመለስ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ኤንኤ፦ ጫት ላለበት፣ ክኒን ላለበት

ኤንኤ (ናርኮቲክስ አኖኒመስ) በ1953 ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ የኤኤ ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ የዕፁን ዓይነት አለመጠየቁ ነው። መጠጥም ለእነሱ ዕፅ ነው። ለአዲስ ሰው ነጭ የቁልፍ መያዣ ይሰጡታል፣ በ30 ቀን ብርቱካናማ፣ በ60 አረንጓዴ፣ በ90 ቀይ። ሕፃንነት ይመስላል፤ እኔ ግን ከመኪናው ቁልፍ ጋር ቀዩን አንጠልጥሎ የሚነዳ የታክሲ ሰው አውቃለሁ፣ ስልኩ ቢጠፋ እንደዚያ አይደነግጥም።

ጫት የያዘው ሰው ቦታው እዚህ ነው። አንድ ወዳጄ የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ተራውን የጨረሰው ጫት ምን እንደሆነ በማስረዳት ነው። ቅጠል ነው፣ ይታኘካል፣ ምርቃና አለው፣ ሲያበቃ በጨብሲ ይሰበራል፣ ስለዚህ አንዱን ስተው ሌላው ይጠብቀኛል። ሲጨርስ አንድ የኮኬይን ሰው "ስሙን አላውቀውም፣ ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ" አለው። ኤኤ ቢሄድ ኖሮ ስለ ጨብሲው እንጂ ስለ ምርቃናው ማውራት ይከብደው ነበር። ደግሞ አሜሪካ ጫቱ ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተከለከለ ዕፅ አድርጋዋለች፣ እንግሊዝም ጫትን በ2014 ከልክላለች። "አገር ቤት ገበያ ላይ የሚሸጥ ነው" ማለት እዚህ አያድንም።

ኤንኤ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ መድኃኒት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ መጋዘን ሲሠራ ወገቡ ተጎድቶ በታዘዘለት ክኒን ነው የተያዘው። ሐኪሙ ሐራራውን የሚያስታግስ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አስጀመረው። አንድ የስብሰባ ክፍል ውስጥ "ይህን እየወሰድክ ንጹሕ ነኝ አትበል፣ ተናጋሪም አትሆንም" ተባለ። መድኃኒቱን አቋረጠ፣ በሦስተኛው ሳምንት አገረሸበት። ሁሉም የኤንኤ ክፍል እንዲህ አይደለም፤ ከቡድን ቡድን ይለያያል። ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን የሚወስድ ሰው ከመግባቱ በፊት በስልክ "እዚያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዴት ይታያል?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ካላማረው ሌላ ቦታ ይሂድ፤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሐኪሙ እንጂ የስብሰባ ሰው አይደለም።

ስማርት ሪከቨሪ፦ ወረቀትና እርሳስ

ስማርት በ1994 በዚህ ስሙ ሥራ የጀመረ ነው። አምላክም፣ ስፖንሰርም፣ "ሱሰኛ ነኝ" የሚል መግቢያም የለበትም። የሠለጠነ አወያይ አለ፣ ሰዎች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፣ ይመካከራሉ። አራት ሥራ አለው፦ ለማቆም የሚገፋንን ምክንያት ማጠንከር፣ ሐራራን መቋቋም፣ ሐሳብና ስሜትን መያዝ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ኑሮ መኖር። ዕድሜ ልክ ኑ አይልም፤ የበቃው ይሄዳል።

አንዱን መሣሪያ ላሳያችሁ። ወረቀት በአራት ትከፍላላችሁ፦ መጠጣት የሚሰጠኝ፣ መጠጣት የሚያስከፍለኝ፣ መተው የሚሰጠኝ፣ መተው የሚያስከፍለኝ። እኔ በእንግሊዝኛ ሞልቼ ጨረስኩ፣ የተማሪ የቤት ሥራ ይመስል ነበር። ማታ ቤቴ ያንኑ በአማርኛ ጻፍኩት። "መተው የሚያስከፍለኝ" የሚለው ሳጥን ውስጥ እንግሊዝኛው ላይ ያልነበረ ነገር ወጣ፦ ከሌሊት ሥራ በኋላ አብረውኝ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች፣ ናፍቆት የምወጣበት ብቸኛ ሰዓት፣ ለእናቴ ስደውል የምደፍርበት ሁለት ብርጭቆ። ያን ገጽ ሳላይ ሁለት ጊዜ ትቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ስማርት የምትሄዱ ወረቀቱን በአማርኛ ሙሉት።

ድክመቱ ሌሊት ላይ ነው። ስብሰባው ያልቃል፣ የሚደወልለት ስፖንሰር የለም። ጭንቅላታችሁ ሰዓት ጠብቆ የማያስቸግራችሁ ከሆነ ይበቃችሁ ይሆናል።

ስብሰባ ሳይሆን ቤት

ይህ በአፍንጫችን ሥር ሆኖ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ኦክስፎርድ ሀውስ የተጀመረው በ1975 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ቤት ተከራይተው ደባል ሆነው ይኖራሉ። ተቆጣጣሪ ሠራተኛ የለም፤ ኪራዩን እኩል ይከፍላሉ፣ የቤቱን ነገር ሁሉ በድምፅ ይወስናሉ፣ የጠጣ ወይም የተጠቀመ ይወጣል። አዲስ ሰው ለመቀበል 80 ከመቶው መስማማት አለበት። እቁብና እድር ያሳደገው ሰው ሕጉን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ወንድሜ ከሁለተኛው ሕክምና እንደወጣ እኔ ጋ ሊገባ ነበር፤ እናቴ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች "ወንድምህን ውጭ ትጥላለህ?" አለችኝ። እኔ ጋ ቢመጣ ኖሮ ሥራ ስወጣ ብቻውን ነው። እዚያ ሰባት ሆነው ሳህን ማን እንዳላጠበ ይጣላሉ። ዓመት ከአራት ወር ኖረበት። ኢሊኖይ ውስጥ ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ በ2006 የታተመ ጥናት፣ ኦክስፎርድ ሀውስ ከገቡት 31 ከመቶ ያህሉ፣ ወደተለመደው ክትትል ከሄዱት ደግሞ 65 ከመቶ ያህሉ ተመልሰው ሲጠቀሙ አግኝቷል። መድኃኒት ለሚወስድ ግን እዚህም ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደመወዝ የሚከፈለው አቻ

ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ውስጥ ራሱ ከሱስ የወጣ፣ ሥልጠና ወስዶ ምስክር ወረቀት የያዘ ሠራተኛ አለ። ከ2007 ወዲህ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን) ለዚህ ሥራ እንዲከፍል ለአሜሪካ ግዛቶች መንገድ ተከፍቶላቸዋል። የዚህ ሰው ጥቅሙ ቢሮክራሲው ላይ ነው፦ ኢንሹራንስ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ መኖሪያ፣ የሥራ ማመልከቻ። በሱስ ሕክምና ተቋም ሥር ሲሠራ የሚይዘው መረጃ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤኤ ይህን አይሰጣችሁም። አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን፣ ልጃችሁን ወይም የዘመድ ልጅን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ። አንዴ የ14 ዓመት ልጅ የአባቷን መጠጥ ለሠራተኛው ስትተረጉም አይቻለሁ። አባትየው በየቀኑ የሚጠጣውን "አልፎ አልፎ" አላት፤ ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና በእንግሊዝኛ "አልፎ አልፎ" አለች።

ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁ

አዲስ አበባ ያላችሁ ሕክምናውን ከአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጀምሩ። ለአቻ ስብሰባ ግን ኢንተርኔቱ ይሰፋል፣ ሰዓቱን ካወቃችሁበት። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የበጋ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ 8 ላይ የሚጀምር ስብሰባ ለእናንተ በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ይህ ማገገሚያ አይደለም፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት ነች፣ የኤኤ ስብሰባም አለባት። እስራኤል ያላችሁ ኤንኤ እዚያ ጠንካራ ነው፣ በዕብራይስጥ። ባሕረ ሰላጤ ያላችሁ፣ በተለይ ሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች፣ ካሜራ አጥፍታችሁ፣ ስም ቀይራችሁ፣ በማዳመጫ ግቡ፤ ሳይናገሩ መስማት ይቻላል።

ለጠጪ ቤተሰብ አል-አኖን የሚባል ስብሰባ አለ፣ ከ1951 ጀምሮ። ሦስት ነገር ያስተምራል፦ አላመጣሁትም፣ አልቆጣጠረውም፣ አላድነውም። እናቴ ሦስተኛውን እስካሁን አልተቀበለችም።

በአማርኛ ብንሰበሰብስ?

ኤኤ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ላለመጠጣት ብሎ ከተሰበሰበ ራሱን ቡድን ማለት ይችላል፤ ፈቃድ የሚያወጣ የለም። እኔና የእድሩ ሰው አራተኛ ዓመታችን ላይ ጀመርነው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አምስት እንሆናለን፤ አድራሻውን ማንም አያውቅም፣ አስተናጋጇ ቡና ታፈላለች። እንግሊዝኛውን ግን አልተውኩም፤ ቅዳሜ ቨርጂኒያ እነዳለሁ፣ ምክንያቱም በአማርኛ የማላወራው አሁንም አለ። ሁለቱን የያዘ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚቆየው፤ አዲስ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፦ ስድስት የተለያዩ ስብሰባዎችን ሳታይ አትምረጥ፣ ከአንዱ ቢያንስ አንድ ስልክ ቁጥር ይዘህ ውጣ።

የሐሙሱን ቡድን ጥቅም የተረዳሁት ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ ነው። ስማርትም፣ ትልቁ የኤኤ መጽሐፍም የሙሽራው እናት ራሳቸው ብርሌ ይዘው መጥተው "በሞቴ!" ሲሉ ምን እንደሚባል አይነግሩም። የእድሩ ሰው ገና ስንገባ አምቦ ውሃ በብርጭቆ ሞልቶ አስያዘኝ። "እንዳትጨርሰው" አለኝ፣ "ባዶ እጅ ያየ ሁሉ ይቀዳልሃል።" እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ያችኑ ብርጭቆ ይዤ ጨፈርኩ።